አንድ መስመር ቀድሜ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ይህን ደብተር ጃንዋሪ ላይ ለአዲስ ዓመት ከግላስጎ ወደ ደሴታችን የላከችልኝ ልጄ ሺና ናት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እማዬ፣ የሆድሽን ለሰው አትናገሪም፤ እስቲ ለወረቀት ንገሪው» ብላ ጽፋበታለች። ወልጄ ባሳደግኩ መካሪ አገኘሁ! አንድ ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ዛሬ አወጣሁት።

ዛሬ ባሌ ፊንሊ የሸመነውን ጨርቅ ከድንች ጆንያ ስር ደበቅኩት። አርባ ዓመት የሸመነ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማግ የሚወረውር ሰው፣ ቡናማው በሚገባበት አረንጓዴ፣ አረንጓዴው በሚገባበት ቡናማ እያስገባ አንድ ጥቅል ሙሉ አበላሸ። ጨርቅ ሰብሳቢው ሾፌር ሲመጣ «መሸመኛው ተሰብሯል» አልኩት። ይህን ስለው መሸመኛው ከጓሮ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ እያለ ይሰማል። ሰውዬው ወደ ጓሮ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «እሺ ኤፊ፣ ሲጠገን እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። አፈር በበላሁ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

በሰንበት እርሳስ አልነካም፤ ስለዚህ የትናንቱን ዛሬ እጽፋለሁ።

ፊንሊ በቤተ ክርስቲያናችን ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር አውጥቷል። ከመድረኩ ስር ካለችው፣ ሳጥን ከምንላት የታጠረች የእንጨት መቀመጫ ውስጥ ሆኖ አንዷን የመዝሙር መስመር ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ቀጣይዋን ያወጣል፣ ይቀበላሉ። ኦርጋን የለን፣ ምን የለን፤ ያለን የእሱ ድምፅ ነው። አባቱም አውጪ ነበር፣ የአባቱ አባትም። እዚያች ሳጥን ውስጥ ሲቆም ሸማኔ አይደለም፣ ባሌም አይደለም። መስመሩ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከጠፋበት ግን ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ የሚሄድ አይመስለኝም። አውቀዋለሁ። ማርች ላይ ደግሞ የቅዱስ ቁርባን ሳምንት ነው፤ ከደሴቲቱ ዳር እስከ ዳር ሰው ይመጣል።

ስለዚህ ፊት ረድፍ እቀመጣለሁ። እሱ እኔን ያያል። ሕዝቡ አንዱን መስመር ሲቀበል እኔ የሚቀጥለውን ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ እነግረዋለሁ። መርሳት ከጀመረበት ከኦክቶበር ወዲህ እንዲህ ነው የያዝነው። ሰው ሁሉ ያለበትን ይዘምራል፤ እኔ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ አንድ መስመር ቀድሜ ነኝ። ከኦክቶበር ወዲህ አንድም መዝሙር ከልቤ አልዘመርኩም። ለጸሎት ሁሉም ሲቆም እኔም እቆማለሁ፤ አሜን እስኪባል ድረስ ግን የሚቀጥለው መዝሙር ስንት መስመር እንዳለው ነው የምቆጥረው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ ይሄ ቶርኪል አለልኝ። ያቺን ሳጥን መመኘት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆነው፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ጃንዋሪ ላይ ጉንፋን ጥሎኝ አንዲት እሁድ ብቀር፣ በሳምንቱ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው የአባቱ ቦታ ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ ከፊንሊ ጀርባ ጉብ ብሎ አገኘሁት። ትናንትም እዚያው ነው። ስንወጣ «ምነው ቶርኪል፣ መስኮቱ ብርድ አስገባብህ?» አልኩት።

«አዎ ኤፊ፣ ወገቤን» አለኝ።

ወገቡን! እንደ ፈረስ ጤነኛ ሰው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ትናንት የጸሎት ስብሰባ ነበር። ቄስ ኢዋን መርከበኛ የነበረውን አሮጌውን ሜርዶን «ጸሎት ምራን» አሉት። ሜርዶ ሲጸልይ ባሕር ላይ ያለ ሰው ይመስል ይጮኻል። «ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን ሸክሟን ብቻዋን ተሸክማ፣ በሯን ዘግታ ዝም ያለችውን አስባት!» አለ። ሴቶቹ ሁሉ «አሜን» አሉ፤ ጎረቤቴ ፔጊማ አለቀሰች።

ኢሽቤልን ማለቱ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሰው አትገጥምም። ምስኪን አልኩ በልቤ። ሰው ግን እንዴት ችግሩን ለጎረቤት አይናገርም?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ተናድጃለሁ። ቄስ ኢዋን ቅዳሜ በሰው እጅ ብጣሽ ወረቀት ላኩ። የሰንበቱ መዝሙሮች ዝርዝር፣ ከየዜማው ጋር፣ በትልልቅ ፊደል። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ፊንሊ ቁጥሩን ከመድረክ ሰምቶ ዜማውን ከራሱ የሚያወጣ ሰው ነው! ቄሱን በር ላይ አግኝቼ «ምነው፣ የእኔን ሰውዬ ተማሪ ቤት አስገቡት እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ ራሴ እንዳልረሳ ብዬ ነው» አሉ። ፊታቸው ቀላ።

መዝሙሮቹም ሕፃን የሚያውቃቸው ሆኑ፤ አጫጭርና ቀላል። ንቀት ነው። ወረቀቱን ግን መጽሐፉ ውስጥ አስገባሁለት። ጠቀመው፣ ልዋሽ አልችልም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

በጥድፊያ። የፔጊ ባል አካፋ ሊዋስ መጣ። ማክሰኞም መጥቶ ነበር። ረቡዕም። ይህ ሰው አካፋ የለውም? ሁልጊዜ እኔ ሱቅ ልሄድ ስነሳ ነው የሚመጣው፤ ስመለስ አካፋውን ሳይወስድ ከፊንሊ ጋር እሳት ዳር ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ደግሞ ዛሬ ፔጊ ዓሣ ላከች፣ ስድስት። ለሁለት ሰው ስድስት ዓሣ! ተርፏት ነው አልኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

እሱ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ እጽፋለሁ።

ከተጋባን ጀምሮ ጠዋት ከቁርስ በፊት መጽሐፉ ይገለጣል፤ ፊንሊ አንድ ምዕራፍ ያነባል፣ ሁለት ስንኝ መዝሙር ያወጣል፣ ይጸልያል። ዛሬ ገለጠውና ዝም አለ። ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ ዝም። ገንፎው በረደ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። «አንብብ እንጂ! ምን ሆነሃል?» ብዬ ጮኽኩበት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ኤፊ፣ የት ነበርን?» አለኝ።

በጣቴ አሳየሁት። «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ መንገድ እንዳሳየው እንግዳ ሰው አመሰገነኝ። አነበበ። መዝሙሩን ዘለለው፤ እኔም ገንፎውን ላሞቅ ተነሳሁ።

ከዚያ ማገዶ ላመጣ ብዬ ወጣሁና እንደ ኩበት ከምናነደው የረግረግ አፈር ክምራችን ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። አርባ አንድ ዓመት ክፉ ቃል ያልተናገረኝ ሰው ላይ! ልጸልይ ሞከርኩ። «ጌታ ሆይ» አልኩና ቀጣዩን መስመር አጣሁት። የሌላውን ሰው መስመር ሁሉ የማውቅ ሴት፣ የራሴ ጠፋኝ። ብቻዬን ብዙ ቆምኩ። ዝናቡ ሲበረታ ገባሁ።

ለሺና አልነገርኳትም። ስልክ ደውላ «አባዬ ደህና ነው?» ስትል «ከእኔ ይሻላል» አልኳት። ለሐኪሙም አልነገርኩ። ለማንም አልነገርኩም። የፊንሊ ስም በሰው አፍ እንዲገባ አልፈልግም፤ በተለይ በቶርኪል አፍ።

ረቡዕ፣ ማርች 4

ቶርኪል ከጸሎት ስብሰባ በኋላ ፊንሊን ክንዱን ይዞ እስከ በራችን አደረሰው። «መንገዱ ያዳልጣል» አለ። አላዳለጠም። «እግር አለው እኮ!» አልኩት። ቶርኪል ባርኔጣውን ነክቶ ሄደ። ፊንሊ «ለምን ተቆጣሽው? ጥሩ ልጅ እኮ ነው» አለኝ። ቶርኪል ስልሳ ዓመቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ከነገ ወዲያ የቁርባኑ ሳምንት ይጀምራል። ሦስት እንግዳ እቀበላለሁ፤ ሁለቱ ከሃሪስ፣ አንዷ ከሰሜን ጫፍ። አልጋ አነጠፍኩ፣ የበግ ሥጋ ሾርባ የሚሆን ትልቁን ድስት ከፔጊ አመጣሁ። ሰኞ እስኪመጣ ድረስ አንድም ሰው ምንም እንዳያይ። ጌታ ሆይ፣ እስከ ሰኞ ብቻ። ይህም ጸሎት ከተባለ።

ዓርብ፣ ማርች 13

ሐሙስ አለፈ። ዛሬም አለፈ። ከንፈሬ ደክሟል። እንግዶቹ ሾርባውን ወደዱት። የሰሜኗ እንግዳ «ፊንሊ እንዴት ዝምተኛ ሆኗል!» አለች። «ድምፁን ለሰንበት እያስቀመጠ ነው» አልኩ። ውሸት ለምዶብኛል።

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ድንቹ ለነገ ተልጧል፣ ውሃው ተቀድቷል። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለቆራቢዎች የመግቢያ ምልክት የሆነችውን ትንሽ ብረት አደሉ። ነገ ወደ ጌታ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ያቺን ብረት ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ተቀበልኩ፤ እምቢ ብል ወሬ ነው። ግን አልሄድም። ሕዝቡ እየዘመረ ነው ቆራቢዎች ተነስተው ወደ ማዕዱ የሚሄዱት፤ እኔ ከፊት ረድፍ ከተነሳሁ ፊንሊን ማን ያየዋል? አርባ ዓመት አንድም ጊዜ ከማዕዱ ቀርቼ አላውቅም፤ ዘንድሮ እቀራለሁ። እሱ ይበልጣል። ከማን እንደሚበልጥ ልጽፈው አልደፍርም።

እሁድ፣ ማርች 15

ሰንበት ነው። አውቃለሁ። ልጽፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ደረጃው ላይ ሰው ተቀምጧል። ነጩ ጨርቅ በረጅሙ ማዕድ ላይ ተዘርግቷል። ጠዋት እንግዶቹ እንዳያዩት ብዬ የቄሱን ወረቀት ከፊንሊ መጽሐፍ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ልመልሰው ብዬ ረሳሁት። እኔ ነኝ የረሳሁት! እሱን ስጠብቅ እኔ ረሳሁ።

የማዕዱ መዝሙር ተጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር አወጣ፤ ያ ድምፁ አሁንም ድንጋይ ያስለቅሳል። ሕዝቡ ተቀበለ። ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛውን። ያኔ ቆራቢዎቹ መነሳት ጀመሩ፤ ጥቁር ካፖርት በጥቁር ካፖርት ላይ መተላለፊያውን ሞሉት፤ በእኔና በእሱ መካከል ግድግዳ ሆኑ። አላየውም! አያየኝም! ከንፈሬ አራተኛውን መስመር ይናገራል፣ ለሰው ጀርባ።

ሕዝቡ ሦስተኛውን ጨረሰ። ከዚያ ፊንሊ ሦስተኛውን መልሶ አወጣው።

አለቀ፣ አልኩ። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን ይንሾካሾካሉ።

ሕዝቡ ሦስተኛውን ተቀበለ። እንዳለ፣ ከነሙሉ ዜማው፣ ሳይቸኩል። አንድም ራስ አልዞረም። ፊንሊ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መስመር አወጣ። ተቀበሉት። ያ ሁሉ ሰው፣ የሃሪሱም የሰሜኑም፣ አዲስ መስመር እንደተሰጠው ሆኖ ዘመረ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በረታ። ከኋላዬ ሜርዶ ይጮኻል፣ ከጎኔ ፔጊ ዓይኗን ጨፍናለች።

ከዚያ አራተኛው መስመር መጣ። በፊንሊ ድምፅ አልነበረም፤ በቶርኪል ነው። በዚያው ከፍታ፣ በዚያው አካሄድ፣ ክር የሚያስገባ ክፍተት እንኳ ሳይኖር። ሰዎቹ አለፍ ሲሉ አየኋቸው፤ ቶርኪል ቆሟል፣ አንድ እጁ ፊንሊ ትከሻ ላይ ነው። ፊንሊስ? ፊንሊ ከሕዝቡ ጋር ይቀበላል! ፊቱ በርቷል። ከኦክቶበር ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት አላየሁበትም።

የምጠብቀው መስመር አልነበረኝም። የሚቀጥለው በሌላ ሰው እጅ ነው። አፌ ተከፈተና ዘመርኩ። ያለሁበትን መስመር፣ ከሰው ጋር፣ እኩል። እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ አፍሬም ነው፣ አላውቅም። «ጌታ ሆይ» ብዬ ብቻዬን ቀጣዩን ያጣሁት ጸሎት ይኸው ሰው ሁሉ ይዞት ቆሟል። ለካ እኔ ባልጸልይም ጸሎቱ አልቆመም ነበር።

ምልክቷ ጓንቴ ውስጥ ሞቃለች። ተነሳሁ። ማዕዱ ጋ ስደርስ ቦታ አልነበረም፤ የሰሜኗ እንግዳዬ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ማርች 16

እንግዶቹ ከምስጋናው ጸሎት በኋላ ሄዱ። ድስቱን ልመልስ ፔጊ ቤት ሄድኩ። ድስቱን ተቀብላኝ ሳላስበው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አልኳት።

«ጃንዋሪ። አንቺ ጉንፋን ይዞሽ የቀረሽ እሁድ።»

«ምን አደረገ?»

«አንዱን መስመር አምስት ጊዜ አወጣው።»

«አምስት ጊዜ! እናንተስ?»

«አምስት ጊዜ ዘመርነው። ምን ቸገረን? ጥሩ መስመር ነበር።»

ሳቄ መጣ። ሳቅኩኝ፣ ከዚያ ማልቀሴ ነው። ፔጊ ሻዩን አቀረበችልኝ። ቶርኪልን ከፊንሊ ጀርባ ያስቀመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የቄሱ ወረቀትም፣ ቀላል መዝሙሮቹም፣ አካፋውም ምክክር ነበር። ባሏ ሦስት አካፋ አለው። የሜርዶም ጸሎት ስለ ኢሽቤል አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺን? ትነክሺን ነበር!» አለች ፔጊ።

እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 18

ቶርኪል ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ «ስለ ወገብህ ልጠይቅ መጣሁ» አልኩት። ሳቀ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብኝም፤ ግን አወጣሁት።

«ሃያ ዓመት ቦታውን ስመኝ ነበር ኤፊ፤ አልዋሽሽም» አለኝ። «አሁን ቀስ በቀስ ሲሰጠኝ ደስ አላለኝም። የማወጣውን ሁሉ ከእሱ ነው የተማርኩት። የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ እንኳ ከጀርባው ሆኜ አውቃለሁ። ሳጥኑ ውስጥ አብረን እንቀመጣለን። እኔ አወጣለሁ፣ እሱ ይቀበላል። እሱ እስከፈለገ ድረስ።»

ስመለስ ለሺና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ዓርብ በመርከብ ትመጣለች፤ ወደ ሐኪሙ አብረን እንሄዳለን።

ሰኞ፣ ማርች 23

ትናንት ፊት ረድፍ አልተቀመጥኩም። መሃል፣ በፔጊና በሺና መካከል። ሜርዶ ጸሎት ሲመራ አንድም መስመር አልቆጠርኩም። ጩኸቱ ጆሮዬን አደነቆረኝ። አሜን አልኩ፣ ከሁሉም ጋር።

ፊንሊ አይሻለውም። ሐኪሙ አልደበቀንም። ሐዘኑ አለ፣ የትም አልሄደም። ብቻ ብቻዬን አልያዝኩትም።

ቅዳሜ፣ ማርች 28

ሺና ትናንት ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ነበርን። ገንፎው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊንሊ መጽሐፉን ገለጠ፣ ጣቱን ገጹ ላይ አደረገ፣ ዝም አለ።

ጠረጴዛውን አልመታሁም። ምዕራፉን እኔ አነበብኩ። መዝሙሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። በእኛ ዘንድ ሴት መስመር አታወጣም፤ እናቴ አውጥታ አታውቅም፣ የእሷም እናት። መስኮቱን አየሁ፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ደግሞ ቢኖርስ?

አወጣሁ። ፊንሊ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለኝ፤ ሙሉውን፣ አንድ ድምፅ ሳይስት። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ ተቀበለ። እስከ መጨረሻው እንዲያ ሄድን። እኔና እሱ ብቻ ነበርን፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ወጥ ቤቴ ውስጥ የቆመ መሰለኝ።

ሲያበቃ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ስሜን ይጠራ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ትንሽ ከፍ አድርገሽ ጀመርሽው እንጂ።»

እውነቱን ነው፣ ከፍ አድርጌው ነበር። ነገ ዝቅ አደርገዋለሁ።